ከአሮጌው ኮምፒውተር ተከትሎኝ የመጣው

ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሰኞ

በአዲሱ ላፕቶፕ ዛሬ ሥራ ጀመርኩ። ለዓመታት ያገለገለኝን አሮጌውን የተውኩት ሰልችቶኝ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩም ኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ መሆን አለበት። የእኔ ስድስተኛ ትውልድ ነበር። ሰዎች አምነው የሰጡኝን ያልታተመ ረቂቅ ማሻሻያ በማያገኝ ማሽን ላይ ማቆየት አልፈለግሁም።

ዝውውሩን የሠራልኝ ቦሌ አካባቢ የሚሠራ ወጣት ባለሙያ ነው። የአሮጌውን ዲስክ ይዘት እንዳለ ወደ አዲሱ ኤስኤስዲ ገልብጦ፣ ከዚያ ወደ ዊንዶውስ 11 አሳደገው። እንዳለ ይገልበጥልኝ ያልኩት ለምክንያት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ እኛ የመጽሐፍ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት በቀደሙት የግዕዝ ፎንቶች ስንሠራ ኖረናል። በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ከደራሲዎቹ አንዳንዶቹ አርፈዋል፤ ከእኔ ፋይል ሌላ ቅጂ የሌላቸው ሥራዎች አሉ። ስለዚህ ፎንቱም፣ የገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራምም፣ የኪቦርዱ አቀማመጥም ሳይነካ እንዲሻገር ፈለግሁ።

ሁሉም በየቦታው አለ። የአሮጌው ራም 8 ጊጋባይት ነበር፤ የአዲሱ 16 ነው። ምሽት ላይ ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት ጎን ለጎን ከፍቼ ስሠራ አንዴም አልተንገራገጨም።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ከቀትር በኋላ ማሽኑ ከብዶታል። ከገጽ ማቀናበሪያው ወደ ብራውዘሩ ስሻገር መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይቆያል። ስጽፍ ፊደሉ ከጣቴ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ፤ ከሚታየው 15.7 ጊጋባይት ራም 12ቱ ተይዟል። ሰኞ ዕለት በእነዚሁ ፕሮግራሞች ከ7 እምብዛም አላለፈም ነበር።

ራም ሲጠብ ዊንዶውስ ብዙ የማይነካውን ገጽ በመጀመሪያ ያምቀዋል፤ ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር የመጣ ነው። እሱም ካልበቃ ወደ ዲስኩ ፔጅ ፋይል ያወጣዋል። ኤስኤስዲ የቱንም ያህል ቢፈጥን ራም አያክልም፤ መንገራገጩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለጊዜው የምጠረጥረው ከዝውውር በኋላ የሚጠበቀውን ሥራ ነው። የፍለጋ ኢንዴክሱ ፋይሎቹን ሁሉ እንደገና ይዘረዝራል። ጸረ ቫይረሱ አዲስ ያየውን ሁሉ ይፈትሻል። ክላውድ ላይ ያለው ፎልደር ከማሽኑ ጋር ይነጻጸራል። እነዚህ ፕሮሰሰርና ዲስክ ያደክማሉ፤ ነገር ግን መጨረሻ አላቸው። ስለዚህ ምንም ሳልዘጋ ቁጥሩን ብቻ በወረቀት ጻፍኩ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ኢንዴክሱ አልቋል። ጸረ ቫይረሱም ጸጥ ብሏል። ራሙ ግን 13 ገባ። ባለሙያው ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ፎርማት ቢደረግ ነው የሚሻለው። ክሎን የተደረገ ዊንዶውስ አንዳንዴ እንዲህ ያስቸግራል።»

«ፎርማት ከተደረገ እነዚያ ፎንቶችና ፕሮግራሞች ምን ይሆናሉ? የአንዳንዱ መጫኛ እኮ ዛሬ የለም።»

«እሱስ ልክ ነዎት። እስቲ ሪስታርት ያድርጉትና ይዩት። ካልሆነ ራም እንጨምራለን።»

ሪስታርት አደረግሁት። ምንም ሳልከፍት 4 ጊጋባይት ላይ ወረደ፣ ማሽኑም እንደ ሰኞው ሆነ። ልጁ ቅን ነው፤ ያለኝም ከልምዱ ነው። ግን በዚህ ከተማ ኮምፒውተር የታመመበት ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው ፎርማት የሚለውን ቃል መሆኑ ያሳዝነኛል። ስንት ሰው የልጅ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የድርጅት ሒሳብ በዚህ መንገድ አጥቷል! በሽታው ሳይታወቅ ማሽኑ ይታጠባል፤ ያው ፕሮግራም ተመልሶ ሲጫን በሽታውም አብሮ ይመለሳል።

ራም መጨመርም ቀላል ነገር አይደለም። የዚህ ላፕቶፕ ራም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይጨመርበትም። ቢጨመርበት እንኳ ከሐምሌ 22 ቀን 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የታወቀ ነው። ደግሞስ እያደር የሚያድግ ነገር 32 ጊጋባይትንስ ቢሆን ከመሙላት ምን ያግደዋል?

ኅዳር 7፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጊዜ ስላገኘሁ የራሙን ገጽ ተረጋግቼ አየሁት።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሲስሜይን የሚባለውን ሰርቪስ እንድዘጋ መክሮኛል። ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል። ሲስሜይን ቀድሞ ሱፐርፌች ይባል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከቪስታ ጋር የመጣው ነው። አዘውትረን የምንከፍተውን ፕሮግራም አስቀድሞ ወደ ባዶው ራም ያመጣል። በዚህ መልክ የተያዘው ራም ታስክ ማናጀር ላይ «ካሽድ» ተብሎ ለብቻው ይጻፋል፤ ሌላ ፕሮግራም ሲጠይቅ ወዲያው ይለቀቃል። ባዶ የተቀመጠ ራም ለማንም አይጠቅምም፤ ሲስተሙም ባዶ እንዲቀመጥ አይፈልግም። ስለዚህ የእኔ ችግር እዚያ አይደለም። የእኔው «በሥራ ላይ» በሚለው ረድፍ ነው የሚያድገው፣ ሲጠየቅም አይለቅም።

ብራውዘሩንም ከጥርጣሬ ነጻ አወጣሁት። እያንዳንዱን ገጽ በየራሱ ፕሮሰስ ስለሚያስኬድ ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ ተደጋግሞ ይታያል፣ ብዙም ይበላል። ግን ስዘጋው የያዘውን ሁሉ ይመልሳል።

አሁን መልስ የሚሻው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሁሉን ከዘጋሁ በኋላ የማይመለሰው የማን ነው?

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ማታ ሹት ዳውን አድርጌው ነው ያደርኩት። ጠዋት አብርቼ፣ አንድም ፕሮግራም ሳልከፍት፣ ወደ 6 ጊጋባይት ተይዟል። ዓርብ ከሪስታርት በኋላ 4 ነበር። ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረ ማሽን ከየት አምጥቶ ያዘው? መብራት ስለሄደ ዛሬ ከዚህ በላይ አልተመለከትኩትም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ዛሬ ቁጥሮቹን ደመርኩ። ታስክ ማናጀር ውስጥ ያሉትን ፕሮሰሶች በሜሞሪ ቅደም ተከተል አሰለፍኩና ከላይ እስከ ታች ራሙን ሰበሰብኩ። ድምሩ ከ6 ጊጋባይት አይበልጥም። ላይ የተጻፈው ግን ከ11 በላይ ነው። ከ5 ጊጋባይት የማያንስ ራም በማንም ስም አልተመዘገበም!

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩን ያያል፤ ከላይ ያሉት ብራውዘሩና የሚሠራበት ፕሮግራም ናቸው፤ እነሱን ይወቅሳል። ዝርዝሩ የሚያሳየው ግን ፕሮግራሙ ለራሱ የያዘውን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በሚያቀርበው ጥያቄ ምክንያት የሲስተሙ እምብርት፣ ከርነሉ፣ የሚይዘው ራም ሌላ ነው። እሱ የሚገኘው «ፐርፎርማንስ» በሚለው ገጽ፣ ሜሞሪ የሚለው ሥር፣ ግርጌ ላይ ባሉ ሁለት ትንንሽ ቁጥሮች ነው፤ ፔጅድ ፑል እና ነን ፔጅድ ፑል። በደኅና ማሽን እያንዳንዳቸው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ናቸው። የእኔ ፔጅድ ፑል 4.7 ጊጋባይት ይላል።

የጠፋው ተገኘ። የያዘው ማን እንደሆነ ግን ቁጥሩ አይናገርም።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

የማክሰኞው ጥያቄ ዛሬ ተፈታ። «ፐርፎርማንስ» ላይ ሲፒዩ የሚለውን ስከፍት «አፕ ታይም» የሚል ረድፍ አለ፤ ማሽኑ ከተነሣ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይቆጥራል። በየማታው አጠፋዋለሁ፤ ረድፉ ግን ካለፈው ዓርብ ምሽት፣ ሪስታርት ካደረግሁበት ሰዓት ጀምሮ፣ ሳይቋረጥ ቆጥሯል።

ነገሩ ፋስት ስታርታፕ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር መጣ። ሹት ዳውን ሲባል የተጠቃሚው ፕሮግራሞች ይዘጋሉ፤ ከርነሉና ከበስተጀርባ የሚሠሩት ሰርቪሶች ግን አይዘጉም። ያሉበት ሁኔታ ዲስክ ላይ ተጽፎ ያድራል፣ ጠዋት ካቆመበት ይቀጥላል። ማሽኑ ቶሎ የሚነሣው ለዚህ ነው፤ ሐርድ ዲስክ ቀርፋፋ በነበረበት ዘመን ትልቅ ጥቅም ነበረው። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከባዶ ያስነሣል። ስለዚህ ከበስተጀርባ የሚፈስ ሜሞሪ ካለ በየማታው ማጥፋት አይጠርገውም፤ ትናንት የፈሰሰው ላይ የዛሬው ይጨመራል። በሪስታርቱ ማግሥት ደኅና ሆኖ ሳምንቱ ሲገባደድ የሚታነቀው ለዚህ ነው።

አሁን ሪስታርት ባደርገው ሥራዬ ይቀላል፤ ግን ምልክቱም አብሮ ይጠፋል። እስክደርስበት እንዲህ እንዳለ ይቆይ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

የሚካኤል በዓል ነው። ሰፈሩ ቆሻሻውን አቃጥሎ ጢሱ በየቤቱ ገብቷል፤ ኅዳር ሲታጠን መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ግድ ነው። ለዚህ ሥራ ተመቸኝ።

ባለሙያው ማታ በስልክ አንድ ነገር ጠቁሞኝ ነበር። «ጋሼ፣ ዲቴይልስ የሚለው ውስጥ ገብተው የሃንድል ቁጥር የሚያሳየውን ረድፍ ያውጡት።» ታስክ ማናጀር ይህን ረድፍ በራሱ አያሳይም፤ የረድፎቹን ርእስ በቀኝ ጠቅ አድርጎ መምረጥ ያስፈልጋል። አወጣሁትና በቁጥሩ አሰለፍኩት።

አንዱ ፕሮሰስ ላይ 2.9 ሚሊዮን ይላል። ሁለተኛው ላይ ጥቂት ሺሕ። የዚያ የመጀመሪያው የራሱ ሜሞሪ ደግሞ 20 ሜጋባይት አይሞላም፤ በሜሞሪ ሲሰለፍ ማንም የማያየው ታች የተቀመጠ ነው።

ሃንድል ማለት አንድ ፕሮግራም ከሲስተሙ ፋይል፣ ፈቃድ ወይም ሌላ ነገር ሲጠይቅ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ሲጨርስ መመለስ አለበት፤ እስኪመልስ ድረስ ሲስተሙ ያንን ነገር ራም ውስጥ እንዳለ ያቆየዋል። ይህ ፕሮግራም ከቤተ መጻሕፍት እየተዋሰ አንድም መጽሐፍ ሳይመልስ በየቀኑ እንደሚመጣ ሰው ነው፤ የራሱ ቤት ባዶ ነው፣ መደርደሪያው የጎደለው የቤተ መጻሕፍቱ ነው። ዊንዶውስ ለአንድ ፕሮሰስ ከ16 ሚሊዮን በላይ ሃንድል ስለሚፈቅድ ራሙ አስቀድሞ ያልቃል እንጂ የሚያስቆመው የለም።

ሰዓት ይዤ ለካሁት። በደቂቃ ወደ 1,000 ይጨምራል፤ በሰዓት 60,000 መሆኑ ነው። ዐሥር ሰዓት በበራበት ቀን 600,000። ራሙ በየቀኑ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ከማደጉ ጋር ሳሰላው እያንዳንዱ ወደ 2 ኪሎባይት ይይዛል።

ቀጥሎ ፕሮሰስ ኤክስፕሎረርን ከፈትኩ። ይህን መሣሪያ የሠራው ማርክ ሩሲኖቪች ነው። እሱና ብራይስ ኮግስዌል እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመሩትን ሲስኢንተርናልስን ማይክሮሶፍት በ2006 ገዝቶታል፤ መሣሪያዎቹ እስከ ዛሬ በነጻ ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ዕውቀት ለማንም ክፍት ሆኖ መቆየቱ ትልቅ ውለታ ነው። የዚያን ፕሮሰስ ሃንድሎች እንዲዘረዝር አዘዝኩት፤ ዝርዝሩ ብዙ አስጠበቀኝ። ሲወጣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው፤ ቶከን፣ ቶከን፣ ቶከን። ቶከን ማሽኑን የከፈተው ሰው ማንና ፈቃዱ ምን እንደሆነ የሚገልጽ መረጃ ነው።

የፋይሉን ቦታ አየሁ። የአሮጌው ላፕቶፕ አምራች ኩባንያ ሰርቪስ ነው። ኪቦርዱ ላይ የነበሩትን የብርሃንና የድምፅ ልዩ ቁልፎች የሚያስተዳድር። አዲሱ ላፕቶፕ የሌላ አምራች ነው፤ እነዚያ ቁልፎች የሉበትም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ባለሙያው ቤት መጣ። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ሁለታችንም ከማሽኑ ፊት ሳንነሣ ነው የጠጣነው።

በመጀመሪያ የሰርቪሱን መዝገብ አየን። ሎግ ፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ይደጋገማል፤ መሣሪያው አልተገኘም፣ መሣሪያው አልተገኘም። በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ደርዘን የሚበልጥ ጊዜ። አካሄዱ ግልጽ ሆነልን። ሰርቪሱ ይነሣል፣ ማሽኑን የከፈተው ማን እንደሆነ ይጠይቅና ቶከን ይቀበላል፣ ቁልፎቹን ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ቶከኑን ሳይመልስ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አሮጌው ማሽን ላይ ቁልፎቹን በመጀመሪያው ሙከራ ስለሚያገኛቸው ወደዚህ መንገድ የሚገባበት ምክንያት አልነበረም። ስሕተቱ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ውስጡ ነበረ፤ የሚገልጠው ግን የማሽን መቀየር ነው።

«እናጥፋው?» አለኝ።

«መጀመሪያ እናስቁመው። ሲቆም ራሙ ካልወረደ ሌላ ሰው እየከሰስን ነው።»

ሰርቪሶች የሚለውን ከፍቶ «ስቶፕ» አለው። ጥቂት ሰከንድ ቆየ። የማሽኑ ጠቅላላ የሃንድል ቁጥር ከ3 ሚሊዮን በላይ ከነበረበት ወደ 140 ሺሕ ወረደ። ፔጅድ ፑል ከ6 ጊጋባይት ወደ ግማሽ ጊጋባይት ተመለሰ። ከፊታችን የተከፈተው መጽሐፍ፣ ብራውዘሩም፣ ምንም ሳይነካ ራሙ ከ13 ወደ 7 ገባ።

«እኔ እኮ ይህን ሁሉ ፎርማት ልለው ነበር» አለ ወጣቱ፣ ዓይኑን ከቁጥሩ ሳያነሣ። ከዚያ ደስ ያለኝን ነገር አደረገ፤ ስልኩን አውጥቶ ከሃንድሉ ረድፍ እስከ ሎጉ ድረስ ቅደም ተከተሉን ለራሱ ጻፈ።

የሰርቪሱን አነሣስ «ዲሴብልድ» አድርገን ሪስታርት አልነው። አልተነሣም። ለጥቂት ቀን እንዲህ ይቆያል፤ የሚጎድል ነገር ካለ መመለስ እንዲቻል እስካሁን አላራገፍነውም።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

የጎደለ ነገር የለም። የአዲሱ ማሽን የራሱ የብርሃንና የድምፅ ቁልፎች ያለ እሱ ይሠራሉ። ስለዚህ ዛሬ ፕሮግራሙን ከተጫኑት ዝርዝር ውስጥ አራገፍኩት።

እሱን ካየሁ በኋላ ሌላስ ምን ተከትሎኝ መጥቶ ይሆን ብዬ ኦቶራንስን ከፈትኩ። ይህም ከሲስኢንተርናልስ ነው፤ ማሽኑ ሲነሣ በራሱ የሚነሣውን ሁሉ ከየጓዳው አውጥቶ በአንድ ገጽ ያሳያል። ታስክ ማናጀር «ስታርታፕ» ብሎ የሚያሳየው የዚህን ጥቂቱን ብቻ ነው። ፋይላቸው የጠፋ ግን አሁንም የሚጠሩ ነገሮችን ቢጫ ያደርጋቸዋል። የዱሮ ፕሪንተሬ ተቆጣጣሪ፣ የተራገፈ ፕሮግራም ማሻሻያ ፈላጊ፣ የአሮጌው የድምፅ ካርድ ረዳት። እንዲህ ያለውን ወዲያው ማጥፋት አያስፈልግም፤ ምልክቱን ከፊቱ ማንሣት ይበቃል፤ ነገ ቢያስፈልግ ምልክቱ ይመለሳል። ማይክሮሶፍት የፈረመባቸውን ኦቶራንስ ራሱ እንዲደብቅ ስለሚቻል ደብቄአቸዋለሁ፤ የማላውቀውን አልነካሁም።

ዲቫይስ ማናጀር ላይም የተደበቁ መሣሪያዎችን እንዲያሳይ ሳዝዘው አሮጌው ማሽን ደብዝዞ ሙሉ በሙሉ እዚያ አለ፤ ካሜራው፣ ዋይፋዩ፣ የጣት አሻራ ማንበቢያው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ዝም ብለው የተቀመጡ ስለሆኑ ራም አይወስዱም። የካሜራውንና የጣት አሻራውን ብቻ አነሣሁ።

ፋስት ስታርታፕንም ዘግቼዋለሁ። በዚህ ኤስኤስዲ ማሽኑ ለመነሣት የሚጨምረው ጥቂት ሰከንድ ነው።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ማሽኑ ሳይጠፋ ብዙ ሠርቷል። ፔጅድ ፑል ከግማሽ ጊጋባይት ፈቀቅ አላለም፤ ሃንድሉም 150 ሺሕ ገደማ ላይ ይዋልላል።

ማተሚያ ቤት የሚሠሩ ጓደኞቼ ኮምፒውተሮቻቸውን ከገና በፊት ሊቀይሩ ነው፤ እነሱም እንደኔ የዲስኩን ይዘት እንዳለ ማዛወር ይፈልጋሉ። ባለሙያው የጻፈውን ቅደም ተከተል እኔ በአማርኛ አስተካክዬ፣ ቁጥሮቹን ጨምሬ ሰጥቻቸዋለሁ። ከሁሉ በፊት የጻፍኩላቸው የአሮጌውን አምራች ፕሮግራሞች ዲስኩ ከመገልበጡ አስቀድመው፣ ገና አሮጌው ማሽን ላይ ሳሉ እንዲያራግፉ ነው።

ለአምራቹ ኩባንያም ጻፍኩ፤ የሰርቪሱን እትም ቁጥር፣ የሃንድሉን እድገት በደቂቃ፣ የቶከኑን ዝርዝር ጨምሬ። ዛሬ መልስ መጣ። የሎግ ፋይሉን ጠየቁኝ፤ ከማራገፌ በፊት ለብቻው አስቀምጬው ስለነበር ከሰዓት በኋላ ላክሁላቸው።